ያለ ቁልፍ ማራገቢያ ለሚፈቱ ጠቢባን የተጻፈ ምክር

መስከረም ጠብቶ፣ የመርካቶ ሱቅ ተዘጋግቶ፣ የጉራጌ ልጅ ሁሉ ለመስቀል ወደ አባቱ ቤት በሚጎርፍበት ሰሞን፣ በወልቂጤና በቡታጅራ አስፋልት ዳር ኮፈናቸውን ከፍተው እንፋሎት የሚያጥኑ መኪኖችን ያየ መንገደኛ፣ ጥፋቱ ሁሉ ከመኪናው እርጅና የመጣ ይመስለዋል። እኔ ግን ከእነዚህ መካከል ጥቂት የማይባሉት የገዛ ባለቤታቸው እጅ ያረፈባቸው መሆናቸውን ስለማምን፣ ይህ ጥበብ ያለ ወራሽ እንዳይቀር፣ የሞተርን ማራገቢያ ያለ ተገቢው መሣሪያ የመፍታትን ሥርዓት ለትውልድ ጽፌ ማቆየትን መረጥሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ አንባቢ ሆይ፣ ቁልፍ አትዋስ። አባቶችህ በ1950ዎቹ ገንዘብ አዋጥተው፣ የጉራጌ ሕዝብ መንገድ ሥራ ድርጅትን አቋቁመው፣ አሁን የምትነዳበትን ጎዳና ያስጠረጉት በኅብረት ነበር፤ አንተ ግን የሠለጠነ ዘመን ሰው ነህና፣ ከጎረቤት ጋራዥ ባለ 32 ቁልፍ ከመለመን ይልቅ በካቻቪቴ፣ በፒንሳና በመዶሻ ብቻህን ተጋደል።

ሥራውን ሞተሩ እንደ ጋለ ጀምር፤ መጀመሪያም የራዲያተሩን ክዳን ክፈት። ወልቂጤ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ በድስት የተጣደ ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ በክዳን ታፍኖ በግፊት የተያዘው የራዲያተር ውሃ ግን መቶን አልፎ እንኳ ሳይፈላ ይታገሣል፤ ትዕግሥቱም የሚያልቀው አንተ ክዳኑን በፈታህባት ቅጽበት ስለሆነ፣ ያ ሁሉ የታፈነ ሙቀት እንፋሎት ሆኖ ወደ ፊትህ ይወጣል። እንዲህ ያለ ጥምቀት ጥር 11 ቀን እንኳ አይገኝም።

አሁን ወደ ምሥጢሩ እንግባ። በብዙዎቹ የቢ.ኤም.ደብልዩና የላንድሮቨር ሞተሮች ማራገቢያውን ከውሃ ፓምፑ ጋር የሚያይዘው አንድ ትልቅ ዳዶ ነው፤ ይህም ዳዶ ሞተሩ በዞረ ቁጥር እንዳይላላ፣ ይልቁንም እንዲጠብቅ፣ ጥርሱ ከሌላው ዳዶ በተቃራኒ ተቀርጿል። ስለዚህ ከመኪናው ፊት ቆሞ ለሚያየው ሰው የሚፈታው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው። መምህራን ቢተረጉሙት «ዳዶ ወደ ግራ ይፈታል፤ አንድም ወደ ቀኝ ይፈታል» ባሉት ነበር፤ አንተ ግን ፊተኛውን ይዘህ፣ «አንድም» የሚለውን ለሊቃውንት ትተህ፣ በሙሉ ኃይልህ ወደ ግራ ታገል። እምቢ ሲልህ ፓፓጋሎ አምጣ፤ ፓፓጋሎው ሲንሸራተት እጀታውን በቧንቧ አስረዝም፤ የዳዶው ማዕዘን ሁሉ ተልጦ ክብ ሲሆን ግማሹን መንገድ ሄደሃል፤ ከእንግዲህ ትክክለኛው ቁልፍ ቢመጣም አይዘውምና።

ቺንጋውንም አስቀድመህ ማላላት አይዘንጋህ፤ ቺንጋው እንደ ተወጠረ ከቆየ ፑሌጃውን ይዞ ሥራውን ያቀልልሃል። አንዳንድ ሽማግሌ መካኒኮች እንደዚያው እንደ ተወጠረ ትተው፣ ቁልፉን ዳዶው ላይ አሳርፈው፣ የቁልፉን ጫፍ ወደ ቀኝ አቅጣጫ በመዶሻ አንድ ጊዜ ጠንከር አድርገው ሲመቱት ይፈታላቸዋል ይባላል፤ ነገር ግን ድካም የሌለበት ሥራ በረከት የለውምና አትከተላቸው። አንተ ካቻቪቴውን በማራገቢያው ክንፍና በራዲያተሩ መካከል ወትፈህ ተጫነው። በመካከል ካርቶን መጋረድ የፈሪ ሥራ ነው፤ የራዲያተሩ ስስ ቧንቧዎች አንድ ቀን መበሳታቸው ካልቀረ ዛሬ በአንተ እጅ ቢሆን ይሻላል።

ሃይሉክስና ላንድክሩዘር የሚነዱት ብዙ ጊዜ ያሳዝኑኛል፤ ማራገቢያቸው የተያዘው በአራት ተራ ዳዶዎች ስለሆነ የመሳሳት ዕድላቸው ጠባብ ነው። ሆኖም ተስፋ አይቁረጡ። የማራገቢያው እምብርት በውስጡ የሲሊኮን ዘይት ይዟል፤ በሞተሩ ላይ እንደ ነበረው አቁመው ሊያስቀምጡት ሲገባ በእንሰት ቅጠል ላይ አጋድመው ቢያሳድሩት ዘይቱ ሊያንጠባጥብ ይችላል፤ ዘይቱ የጎደለው ማራገቢያም ሲመለስ እንዲያው ለይምሰል ይዞራል።

በመጨረሻ ማራገቢያውን ጨርሶ ሳትመልስ ንዳ። ሜዳ ላይ በፍጥነት ስትሄድ ነፋሱ ራሱ ራዲያተሩን ስለሚያበርደው ምንም አይታይህም፤ በዚህም «ድሮም ትርፍ ዕቃ ነበር» እያልህ ለዘመድ ታስተምራለህ። ከበዓሉ በኋላ እንግዶችህን ጭነህ በጅማ መንገድ ወደ ጊቤ በረሃ ውረድና ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ ተመለስ፤ ሞተሩ ከሁሉ ይልቅ የሚደክምበት፣ ነፋሱም ከሁሉ ይልቅ የሚያንስበት ሰዓት ያ ነው። በዚያ ቴስታታው ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል።

ከዚያ ወዲያ ቴስታታ ፍለጋ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ መውረድህ ስለማይቀር፣ እግረ መንገድህን የባለ 32 ቁልፍን ዋጋ ጠይቅልኝ።