ደጋሚ

እኔ ባደግሁበት የአዲስ አበባ ሰፈር «ደጋሚ» ስድብ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ላይ ሦስት ዓመት የከረመ፣ ጢሙን ተላጭቶ ከእኛ ከውርንጭላዎቹ ጋር የሚሰለፍ ጎረምሳ ነበረ። ዛሬ ስሙን የሚያስታውስ የለም፤ «ደጋሚው» ብቻ ነው። እንግዲህ እንዲህ ላደግሁት ሰው ነው እግዜር እዚህ አሜሪካ፣ ሴንት ፖል ድረስ አምጥቶ፣ ሰባት መጽሐፍ እየደጋገመች የምታነብ ልጅ የሰጠኝ።

የሃሪ ፖተር የመጀመሪያው ቅጽ እንግሊዝ አገር በ1997፣ ሰባተኛውና የመጨረሻው በ2007 ወጣ። በአሜሪካው እትም ሰባቱ ተደምረው 4,100 ገጽ ይሆናሉ። የደመርኩት ለፍቅር አይደለም፤ ለክሱ ማስረጃ እንዲሆነኝ ነው። ልጄ በአሥር ዓመቷ አራት ጊዜ ተወጥታዋለች።

«16,400 ገጽ!» አልኳት። «በዚህ ስንት ሌላ መጽሐፍ ይነበብ ነበር?»

«እነሱ ግን ሃሪ ፖተር አይደሉም፣ አባዬ።»

«ማን እንደሚሞት ታውቂ የለም እንዴ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

«ስለማውቅ ነዋ!»

እውነቷን ነው። ሰውየው ሊሞት ገና ሁለት ምዕራፍ ሲቀረው ነው ለቅሶ የምትቀመጠው።

የእኔ ልጅነት ሌላ ነበር። ልብ ወለድ በሳንቲም ተከራይተን፣ በተራ ተናጥቀን፣ ለነገ መላሽ ሆነን ነው ያነበብነው። አንዱን መርማሪ ያለበት ታሪክ ግን እኔም ደጋግሜዋለሁ። ከፊቱም ከኋላውም ገጾቹ ተገንጥለው አልቀዋል፤ ሽፋን ስለሌለው ርእሱን እስከ ዛሬ አላውቅም። ገዳዩ ሊታወቅ ሲል ነው የሚቋረጠው። ደግሜ ባነበው ምናልባት መጨረሻው ይበቅል ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርግ ነበር። እኔ መጨረሻውን ስላላወቅሁ ደገምኩ፣ እሷ ስላወቀች ትደግማለች። የስደት ትርፍ ይኸው ነው ብዬ ዝም ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም።

መጀመሪያ በገንዘብ ሞከርኩ። መጽሐፎቹን የምንዋሰው ዴል ጎዳና ከዩኒቨርሲቲ አቬኑ ከሚገናኝበት፣ ከባቡሩ ፌርማታ አጠገብ ካለው የሮንዶ ቤተ መጻሕፍት ነበር። «መልሺ፣ ቅጣት ይቆጥርብናል!» የሚለው ማስፈራሪያዬ ሁለት ዓመት አገለገለኝ። በ2019 መጀመሪያ ላይ የሴንት ፖል ቤተ መጻሕፍት የመዘግየት ቅጣትን ጨርሶ አስቀረ። መክፈል ያቃተው ሰው ከመጽሐፍ እንዳይርቅ ተብሎ ነው፤ የተባረከ ሐሳብ ነው። እኔን ግን ያለ ዱላ አስቀረኝ።

ቀጥሎ በመደለያ ሞከርኩ። ሚኒያፖሊስ ሊንደን ሂልስ ወደሚባለው ሰፈር፣ ዋይልድ ራምፐስ ወደተባለው የልጆች መጽሐፍ መደብር ወሰድኳት። ከ1992 ጀምሮ ያለ ቤት ነው። ትልቁ በር ላይ በልጅ ቁመት የተሠራች ሌላ ሐምራዊ በር አለች፤ ውስጥ ድመትና ዶሮ ይንጎራደድ ነበር። ዶሮ ከመጽሐፍ ጋር ሲኖር አይቼ ባላውቅም፣ ለልጄ ስል ታገሥኩ። «ያላነበብሽውን አንድ አዲስ መጽሐፍ ምረጪ» አልኳት። በትንሿ በር ገብታ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደረቷን የሚያህል መጽሐፍ ታቅፋ መጣች። ያው የሃሪ ፖተር አንደኛ ቅጽ!

«ይኼኮ ያው ነው!»

«አይደለም፣ ይኼ ሥዕል አለው።»

ከፍዬ ወጣሁ። ዶሮዋ ሳትስቅብኝ አልቀረችም።

በዚያው ዓመት ጥር መጨረሻ ብርዱ ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ሴልሺየስ ወረደና ትምህርት ቤቶች ለቀናት ተዘጉ። እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጥታ ነበር፤ ሁላችንም ቤት ታገትን። እናቴ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሥታ ዳዊቷን ከማኅደሩ ታወጣለች። ልጄም ብርድ ልብሷን ተከናንባ አጠገቧ ቁጭ ትላለች። ሁለቱም ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ያነባሉ።

«የኔ እናት፣ መጽሐፉ ስለ ምንድን ነው?» አለቻት እናቴ አንድ ቀን።

ለልጄ «ጠንቋይ» የሚለውን ቃል ያስተማርኳት እኔ ስለሆንኩ ዘልዬ ገባሁ። «ስለ አንድ የሙት ልጅ ነው፣ እማዬ። አዳሪ ትምህርት ቤት ይገባል።»

«ድግምት ይማራል» አለች ልጄ፣ ጥርት ባለ አማርኛ።

እናቴ ማተቧን ነካ አደረገች። «የኔታ ዘንድም ለዜማ ገብቶ ድግምት ይዞ የሚወጣ አይጠፋም» አለች። «መጨረሻው አማረለት?»

«አዎ፣ እማማ።»

«እንግዲያስ ይሁን። ስንት ክፍል አለው?»

«ሰባት።»

«እንደ ሳምንቱ ነዋ! ዛሬ የቱን አደረስሽ?»

«አምስተኛውን።»

አምስተኛው 870 ገጽ ነው፤ ጀርባው ተሰንጥቆ ቅጠሉ ይረግፋል። እናቴ አገላብጣ አየችውና ከሻንጣዋ የአሮጌ ቀሚስ ቁራጭ አወጣች። እስከ ማታ ማንገቻ ያለው ማኅደር ሰፋችለት።

እኔም ማኅደሩን እያየሁ «ደጋሚ» ስለሚለው ቃል ማሰብ ጀመርኩ። ዳዊት ይደገማል እንጂ «አነበብኩት፣ ጨረስኩት» የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። 150ው መዝሙር ለሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሎ ያልቃል፣ ሰኞ እንደገና ከአንድ ይጀመራል። ድግምትም ከዚያው ከመድገም ነው የወጣው፤ አንድ ጊዜ ቢሉት ወሬ ነው፣ ሲደግሙት ነው የሚሠራው። ለካ በዚህ ቤት ቃሉን በስምንተኛ ክፍል ትርጉሙ ብቻ ይዤ የቀረሁት፣ ክፍል ደጋሚው እኔ ነኝ።

ይህን ሁሉ ተረድቼ፣ ከቀናት በኋላ ልጄ ሰባተኛውን ዘግታ አንደኛውን ስታነሣ ባይ አፌ ልማዱን አልተወም። «አሁንም? ጨርሰሽው የለም እንዴ?»

እናቴ ከዳዊቷ ቀና አለች። «አንተስ ይቺኑ ስትደግም ከመጣሁ ቀን አልጎደለህም» አለችኝ። «ማን ከለከለህ?»