እንቅልፍ በእንግሊዝኛ

በአማርኛ እንቅልፍ ጌታ ነው። ይመጣል፣ ይወስደናል፣ ይጥለናል፤ ሲያሰኘው ደግሞ እምቢ ይለናል። «እንቅልፍ ወሰደኝ» ያለ ሰው ራሱን ከተጠያቂነት አውጥቷል፤ ወሳጁ ሌላ ነዋ! ሥራ ላይ ተኝቶ የተያዘ ዘበኛ «ተኛሁ» አይልም፤ «ትንሽ ሸለብ አደረገኝ» ነው የሚለው። አለቃውም ማንን እንደሚቀጣ ግራ ይገባዋል። እንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ማምለጫ አያውቅም። እዚያ እንቅልፍ ገንዘብ ነው። ሰው ያገኘዋል፣ ያጣዋል፣ በሳምንቱ የጎደለበትን ቅዳሜና እሁድ «ካች አፕ» እያለ ያሟላል። ካልተሟላለት «ስሊፕ ዴት» የሚባል የእንቅልፍ ዕዳ ይቆጠርበታል።

ይህን ለአጎቴ ስነግራቸው ጥቂት አሰቡና «ወለድ አለው?» አሉኝ።

ጋሼ የሚኖሩት ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ዋሽንግተን መሐል ከተማ፣ አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሌሊት ሌሊት ገንዘብ ይቀበሉ ነበር። ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ያለውን ፈረቃ እንግሊዝኛ «ግሬቭያርድ ሺፍት» ይለዋል፤ የመቃብር ፈረቃ እንደ ማለት ነው። ባሕር ማዶ ካለው አበሻ ስንቱ በዚህ ፈረቃ ቤት ገዝቷል፣ ልጅ አስተምሯል፣ ወንድም አስመጥቷል! ስሙን ተርጉሞ ለእናቱ የነገረ ግን አላጋጠመኝም። የጋሼ እናት ሰምተው ቢሆን ኖሮ በማግሥቱ ሱባዔ ይገቡ ነበር።

ታዲያ ጋሼ ጡረታ ወጥተው እንደ ሰው ሌሊት መተኛት ሲጀምሩ፣ ቤተሰቡ እስከዚያ ድረስ ሥራና ትምህርት ቤት እየዋለ ያመለጠውን ነገር ሰማ። ያንኮራፋሉ። ባለቤታቸው እትዬ ትራሳቸውን ይዘው ወደ ሳሎን ተሰደዱ። ቀጥሎም ጎረቤት ግድግዳ መደብደብ ጀመረ። እዚሁ የተወለደችው ልጃቸው «ዳዲ ኢዝ ሶዊንግ ሎግስ» አለች፤ አባዬ ግንድ እየጋዘ ነው ማለቷ ነው። ይኸው እንግሊዝኛ ድብን ብሎ የተኛን ሰው ደግሞ «እንደ ግንድ ተኛ» ይለዋል። ጋሼ ሁለቱን አገጣጥመው «ግንዱም እኔ፣ ጋዡም እኔ!» አሉ። ስለ እንግሊዝኛ ከሰማሁት ትችት ሁሉ ይኼን የሚያህል የለም።

እትዬ ግን ትችት አልበቃቸውም። ጋሼን እንቅልፍ የሚመረምር ሐኪም ቤት ቀጠሮ አስያዙላቸው፤ እኔም አስተርጓሚ ሆኜ ሄድኩ።

የመጀመሪያው ችግር ገና በር ላይ ገጠመን። ነርሷ በፈገግታ «ሌሊቱን እንዴት ተኙ?» ብላ ጠየቀች። ተረጎምኩ። ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። ተረጎምኩ። ነርሷ ብዕሯን እንደያዘች ትጠብቃለች። «እሺ፣ ግን እንዴት ነው? ጥሩ ነው? መጥፎ ነው?» ጋሼም እንደገና «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቺስ እንዴት አደርሽ? ቤተሰብ ደህና?» አሏት። በምን አንደበት ላስረዳት! እኛ ማለዳ ማለዳ አገር በሙሉ ስለ አዳሩ ይጠያየቃል፤ እውነቱን የሚመልስ ግን የለም። ዐይኑ ሳይከደን የነጋበት ሰው «ደህና አደርክ?» ሲባል «ደህና፣ ይመስገነው» ነው የሚለው። «ጉድ ሞርኒንግ» ባዩ ደግሞ አዳራችንን ከነጭራሹ አይጠይቅም፤ ከጠየቀ ግን ሰዓቱን ከነደቂቃው ይፈልጋል።

ቀጥሎ ቅጽ ሰጡን። ኤፕወርዝ የሚባል የእንቅልፍ መለኪያ ነው። ሜልበርን፣ አውስትራሊያ ውስጥ ባለው የኤፕወርዝ ሆስፒታል ስም የተሰየመ ሲሆን መሪ ጆንስ የሚባሉ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1991 ለዓለም አስተዋወቁት። ስምንት ሁኔታዎች ይዘረዝራል፤ በእያንዳንዱ ላይ የማንጎላጀት ዕድልህ ስንት ነው ይልሃል። በጭራሽ ከሆነ ዜሮ፣ የማይቀር ከሆነ ሦስት። ድምሩ እስከ 24 ይደርሳል፤ ከ10 በላይ ያመጣ ሰው ቀን ቀን ከልክ በላይ እንቅልፍ ይጫነዋል ማለት ነው።

ጋሼ ገና ከጅምሩ «ማንጎላጀት» በሚለው ቃል ተቀየሙ። «እኔ አላንጎላጅም። ዐይኔን ጨፍኜ አዳምጣለሁ።» እትዬ ከጎን ሳል ሳል አሉ።

«ጋሼ፣ ቁጭ ብለው ሲያነቡ እንቅልፍ ይወስድዎታል?»

«ምን ሳነብ? ዳዊት ከሆነ ዜሮ። ከኢንሹራንስ የመጣ ደብዳቤ ከሆነ ሦስት።»

«ቴሌቪዥን ሲያዩስ?»

«ዜሮ!» እትዬ ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻሉም። «ኧረ በእመብርሃን! ዜናው ሳይጀምር ነው አንገቱ የሚሰበረው። ላጠፋው ስነሣ ግን ‘ተዪው፣ እያየሁ ነው’ ይለኛል።» እንዳየሁት ከሆነ ይህ በሽታ የጋሼ ብቻ አይደለም። አባት የሆነ ሁሉ ቴሌቪዥኑ ሲጮህ ይተኛል፣ ሲጠፋ ይነቃል። የሕክምና ስም ሊወጣለት ይገባል።

«ሰው በተሰበሰበበት ቦታ፣ ለምሳሌ ስብሰባ ላይ ዝም ብለው ሲቀመጡስ?»

ጋሼ እንደ መገረም ብለው አዩኝ። «አንተ ልጅ፣ እኔ እኮ የቀበሌ ስብሰባ ያሳደገኝ ሰው ነኝ። ስብሰባ ላይ ያልተኛ ሰው ምን ሊሠራ ሄደ? እጅ የሚወጣበትን ሰዓት በእንቅልፍ ልቤ አውቀው ነበር።» ይህን ለነርሷ እንዴት እንደምተረጉመው አስቤ አስቤ «ሦስት» ብዬ አለፍኩት። አብዮቱን በአንድ አሃዝ ማጠቃለሌ ነው።

ተሳፋሪ ሆነው አንድ ሰዓት ሲጓዙ ለሚለው «ሹፌሩ ማነው? አንተ ከሆንክ ዜሮ፤ አንተ በምትነዳው መኪና ዐይን ይጨፈናል?» አሉ። ከሰው ጋር ቁጭ ብለው ሲያወሩ ለሚለው፣ አንዴ ወደ እትዬ አይተው «ይኼን ዝለለው» አሉ። ከምሳ በኋላ፣ አልኮል ሳይጠጡ፣ ጸጥ ብለው ሲቀመጡ ለሚለው «በጾም ነው በፍስክ?» ብለው መልሰው ጠየቁ። እውነታቸውን ነው፤ ቅጹ ሽሮና ዶሮ ወጥን አይለይም። መኪናቸውን እየነዱ ትራፊክ ሲይዛቸው ለሚለው ግን ኮስተር አሉና «ዜሮ። ዜሮ ብለህ ጻፍ። መንጃ ፈቃዴ ላይ እንዳትመጣ» አሉ። እንዲህም ተቆጥቦ ድምሩ ከ10 አለፈ።

ሐኪሟ ስለ ሌሊቱ ጠየቀቻቸው። «ናይትሜር ያዩ ይሆን?» ቅዠት ብዬ ተረጎምኩ። ጋሼ «ቅዠት የለብኝም፤ ዱካክ ግን በልጅነቴ ይጫነኝ ነበር» አሉ። እዚህ ላይ እንግሊዝኛን ላመስግን። «ናይትሜር» የሚለው ቃል መጨረሻ ሴት ፈረስን ይመስላል እንጂ ፈረስ አይደለችም። «ሜር» ጥንት በተኛ ሰው ደረት ላይ የምትቀመጥ ክፉ መንፈስ ነበረች፤ ቁርጥ ዱካክ! ሄንሪ ፊውዝሊ የሚባለው ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1781 ሲሥላት፣ በተጋደመችው ሴት ደረት ላይ ጋኔኑን ቁጢጥ አደረገና ጥርጣሬ እንዳይቀር ፈረሷንም በመጋረጃ በኩል አስገባት። ሐኪሟ ነገሩን የገለጸችው ያለ ጋኔን ነው፦ ሕልም በምናይበት ሰዓት አንጎል ጡንቻዎቻችንን ያሥራቸዋል፤ አንዳንዴ ሰውየው ቀድሞ ይነቃና እሥራቱ ሳይፈታለት ይቀራል። ጋሼ አንገታቸውን ነቅንቀው ሰሙና በአማርኛ «ይኼ ዱካክ እንዴት እንደሚይዝ ነው፤ ማን እንደላከው አልነገረችንም» አሉኝ። ይህን አልተረጎምኩም።

«እኩለ ሌሊት ላይ ይነቃሉ?» ይነቃሉ። ተነሥተው ይጸልያሉ፣ ውኃ ይጠጣሉ፣ መስኮት ከፍተው ሰፈሩን ይቃኛሉ፣ እንደገና ይተኛሉ። ሐኪሟ «ኢንሶምኒያ» ብላ ጻፈች። ጋሼ «ለጸሎት መነሣት በሽታ የሆነው መቼ ነው?» ብለው ተቆጡ። ከእሳቸው ጋር የሚቆም ምሁር ከዚሁ ከቨርጂኒያ፣ ከቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ወጥቷል። ሮጀር ኤከርክ የሚባሉት የታሪክ ፕሮፌሰር እ.ኤ.አ. በ2005 ስለ ጥንቱ ሌሊት ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የአውሮፓ ሰው ቀድሞ ሌሊቱን ለሁለት ከፍሎ ይተኛ እንደነበር ከብዙ ሰነድ አሳይተዋል። «ፈርስት ስሊፕ» እና «ሰከንድ ስሊፕ» ይባሉ ነበር። በመካከሉ ሰው ተነሥቶ ይጸልያል፣ እሳቱን ይቆሰቁሳል፣ ከሚስቱ ጋር ያወጋል። ማታ መብራት ሲበዛና ሰው አምሽቶ መተኛት ሲለምድ ሁለቱ እንቅልፎች ተጋጠሙ፤ ቃላቱም ተረሱ። ለማኅሌትና ለሰዓታት ሌሊት የሚነሣ ካህን ይህን ለማወቅ ፕሮፌሰር አያስፈልገውም።

ምርመራው እዚያው ማደርን ይጠይቃል። ማታ ስንመለስ ራሳቸው ላይ፣ ደረታቸው ላይ፣ እግራቸው ላይ ሽቦ ለጠፉባቸው፤ ጣታቸው ላይ መቆንጠጫ አደረጉ። ወጣቱ ባለሙያ መብራቱን ሊያጠፋ ሲል በፍቅር «ስሊፕ ታይት!» አላቸው። ጋሼ ከእንግሊዝኛ «ታይት»ን ያውቋታል፤ ጠባብ ሱሪ ናት፣ የጠበቀ ቡሎን ናት። «በዚህ ሁሉ ሽቦ ከጠፈረኝ በኋላ ደግሞ ጠበቅ ብለህ ተኛ ይለኛል?» አሉ። በቨርጂኒያ ጥንታዊ ቤቶች የሚያስጎበኙ ሰዎች፣ አባባሉ የመጣው ፍራሹን የሚሸከመው ገመድ በየጊዜው ይወጠርበት ከነበረው አልጋ ነው ይላሉ። ቃላት አጥኚዎች አይስማሙም፤ «ታይት» በዚያ ዘመን «ደህና አድርጎ» ማለት ነበር ባዮች ናቸው። በጠፍር አልጋ ያደጉት ጋሼ ግን ከአስጎብኚዎቹ ወገን ቆሙ። ጠፍር ሲላላ ወገብ ምን እንደሚሆን መዝገበ ቃላት አያውቅም።

ወጣቱ ባለሙያ አባባሉን ሳይጨርስ መሄድ አልወደደም። «ትኋኖቹ እንዳይነክሱዎት!» ብሎ ጨመረ። እዚህ አገር ለሕፃናት የሚባል የመልካም አዳር ምኞት ነው። እኔ ሞኙ በታማኝነት ተረጎምኩ። ጋሼ ከነሽቦአቸው ተነሥተው ትራሱን መገልበጥ ጀመሩ።

ውጤቱ «ስሊፕ አፕኒያ» ሆነ። ሰው ሲተኛ የጉሮሮ ጡንቻ ይላላና የአየሩን መንገድ ይዘጋዋል፤ ትንፋሽ አሥር ሰከንድና ከዚያ በላይ ይቆማል፤ አንጎል ደንግጦ ይቀሰቅሳል፤ ሰውየው ትንፋሹን ስቦ ይተኛል፣ እንደገና ይታፈናል። ሌሊቱን ሙሉ ሲቀሰቀስ አድሮ ጠዋት አንዱንም አያስታውሰውም። ማንኮራፋት ጥጋብ ነው የምንል ሰዎች ብንመለስ ጥሩ ነው፤ ልብንና የደም ግፊትን የሚነካ ነገር ነው። የታዘዘላቸው ሲፓፕ የተባለውን፣ በአፍንጫ በኩል አየር እየነፋ ጉሮሮን ከፍቶ የሚያቆየውን መሣሪያ ነበር። ይህንንም ኮሊን ሱሊቫን የተባሉ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1981 ሲድኒ ውስጥ ነው ያስተዋወቁት። ጋሼ «ቅጹም ከአውስትራሊያ፣ ማሽኑም ከአውስትራሊያ! እዚያ አገር ሰው አይተኛም እንዴ?» አሉ። ጭምብሉን ያጠለቁ ዕለት የጦር አውሮፕላን ሊያስነሡ የተዘጋጁ ይመስሉ ነበር። እትዬ ግን ከሳሎን ተመለሱ።

የቀን እንቅልፋቸውን እንዲያሳጥሩም ተመከሩ። ሐኪሟ ይህን «ፎርቲ ዊንክስ» አለችው፤ ሸለብ የምታደርግ አጭር እንቅልፍ ናት፣ ቃል በቃል ግን አርባ ጥቅሻ። ጋሼ ሣቃቸው መጣ። «አርባ ጊዜ የጠቀሰ ሰው የሚያገኘው እንቅልፍ ሳይሆን ክስ ነው።»

ለቀን እንቅልፍ እንግሊዝኛ ከስፓኝ የተዋሰው «ሲየስታ» ለእኛ ይቀርባል። ከላቲኑ «ስድስተኛ ሰዓት» የመጣ ነው፤ ሮማውያን ቀኑን ከፀሐይ መውጫ ጀምረው ይቆጥሩ ስለነበር እኩለ ቀን ስድስት ሰዓት ነበር። የእንግሊዝኛው «ኑን» ደግሞ ከዘጠነኛ ሰዓት ይመዘዛል፤ ከጊዜ በኋላ ወደ እኩለ ቀን ተሳበ። የጾመ መነኩሴ ምሳውን ቀደም ለማድረግ ሲል ነው የሳበው የሚሉ አሉ፤ በዘጠኝ ሰዓት ጾም ያደገ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም። ጋሼ ሲሰሙ በጣም ደስ አላቸው። በዋሽንግተን አካባቢ ሰዓቱን በትክክል የሚያነብ እሳቸው ብቻ መሆናቸውን ድሮም ጠርጥረው ነበር።

የሰዓት ነገር ከተነሣ ለአዲስ አበባ ዘመዶች አንድ ልመና አለኝ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቡናችሁን ጠጥታችሁ ስልክ ስታነሡ፣ እዚህ ብርዱ ሲገባ ሌሊቱ ሰባት፣ በሙቀቱ ወራት ደግሞ ስምንት ሰዓት ነው። ጋሼም ጭምብላቸውን ነቅለው «አቤት» ይላሉ። «ተኝተው ነበር እንዴ?» ትሏቸዋላችሁ፤ «ኧረ በፍጹም! ቁጭ ብዬ ነበር» ይላሉ። አትመኗቸው፣ ተኝተው ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ደውሉ።