ስለ ጽኑ ምስጢር አጠባበቅ የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የሕፃናት ሐኪሞችን ማንነት ከወላጅ በመሰወር ስለታየው ትጋት

የመሥሪያ ቤታችሁ ጥንቃቄ ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ ዝናው ተሰምቷል። አንድ ሰው የሕፃናት ስፔሻሊስት ለመባል ስድስት ሰባት ዓመት ሕክምና ይማራል፣ ከዚያ ላይ ሦስት ዓመት ይሠለጥናል። ሕጉ ያለ ሙያ ፈቃድ መሥራትን ይከለክላል። ከ2011 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ አዲሱ ተመራቂ በብሔራዊ የብቃት ምዘና ይፈተናል፤ ፈቃዱን ሲያሳድስም ተከታታይ ሥልጠና መውሰዱን ማሳየት አለበት። ይህ ሁሉ ተጣርቶ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመቶበት ፋይል ይገባል። ልጇን አዝላ የመጣች እናት የምታየው ታፔላውን ነው።

ታፔላው ደግሞ ታታሪ ነው። ደሴ ላይ ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር ስሙ በደማቅ ቀለም የተጻፈው ስፔሻሊስት ከንጋት እስከ ምሽት ታፔላው ላይ ሥራ ላይ ነው፤ ራሱ ግን ቀን መንግሥት ሆስፒታል ስለሚውል ብቅ የሚለው ከ11 ሰዓት በኋላ ሊሆን ይችላል፣ ያውም በሳምንት ሁለት ቀን። እስከዚያ ልጁን የሚያየው ማን ነው? ነጭ ጋውን ያጠለቀ ሁሉ «ዶክተር» በሚባልበት አገር እንዲህ ብሎ መጠየቅ እንደ ድፍረት ይቆጠራል። ጤና መኮንኑ ዶክተር ነው፣ ነርሱ ዶክተር ነው፣ መድኃኒት የሚሸጠውም ልጅ ዶክተር ነው። ጎንደር ላይ በ1947 ዓ.ም የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ካፈራቸው ጀምሮ ገጠሩን ተሸክመው የኖሩት ጤና መኮንኖች የሰው ማዕረግ መዋስ አያስፈልጋቸውም ነበር።

ግድግዳው ላይስ ፈቃድ ተሰቅሎ የለም ወይ ይባል ይሆናል። ተሰቅሏል፣ በመስታወት። ብዙ ጊዜ ግን የተሰቀለው የክሊኒኩ የብቃት ማረጋገጫና የንግድ ፈቃዱ ነው። ቤቱ፣ አልጋውና ላቦራቶሪው መስፈርት ማሟላታቸውን ይመሰክራል። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ስፔሻሊስት ይሁን ጠቅላላ ሐኪም የሚናገረው የሰውየው የራሱ የሙያ ፈቃድ ነው፤ እሱ ከመሳቢያ የሚወጣው ተቆጣጣሪ ሲመጣ ነው።

የኮምቦልቻዋ እናት ነገር ደግሞ ይብሳል። ልጇ ሲያተኩሰው አድሮ ወባ ይሁን የሳንባ ምች ሳታውቅ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ዳገት በሚኒባስ ወደ ደሴ ትወጣለች። ማጣራቱን የጀመረችው ግን ከዋዜማው ነው፦ ጎረቤት ጠይቃለች፣ የባጃጅ ሹፌር ጠይቃለች፣ ፋርማሲ ጠይቃለች። «እገሌ እኮ እጁ መድኃኒት ነው!» ብለዋታል። ፋርማሲው የጠቆማት ሐኪም ማዘዣው ተመልሶ እዚያው ፋርማሲ የሚገባ መሆን አለመሆኑን የነገራት የለም።

ነገሩ የማዕረግ ብቻ ቢሆን በሳቅ ይታለፍ ነበር። የሕፃን መድኃኒት ግን የሚሰላው በክብደቱ ነው። የሦስት ወር ሕፃን የሚያስል ከሆነና በደቂቃ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ የሳንባ ምች ይጠረጠራል፤ ዓመት ሲሞላው ልኩ ወደ 40 ይወርዳል። ይህን ትንፋሽ ሰዓት ይዛ የምትቆጥር የጤና ጣቢያ ነርስ ስሟ የትም ታፔላ ላይ የለም።

በ2014 ዓ.ም የሰሜኑ ጦርነት ደሴ ገብቶ ሪፈራል ሆስፒታሉ ሲዘረፍ የወላጅ ጥያቄ «ሐኪም አለ ወይ?» ነበር፤ ማስረጃ የሚታይበት ጊዜ አልነበረም። ዛሬ ክሊኒኩ በዝቷል፣ «ፎርጅድ» የሚለው ቃልም ከገበያ ወደ ቢሮ ገብቶ መንግሥት ራሱ የሠራተኞቹን ዲግሪ ማጣራት ይዟል። የናይሮቢ ወላጅ የሐኪሙን ስም ስልኩ ላይ ጽፎ ከሐኪሞች ምክር ቤት መዝገብ ያየዋል። እንግሊዞች የሐኪም መዝገባቸውን በሕግ ያቋቋሙት በ1858 እ.ኤ.አ ሲሆን ዛሬ ማንም በነፃ ይፈልግበታል። የደሴዋ እናትም ስልክ አላት፤ የቴሌብር ሒሳቧን በሰከንድ ታያለች። የሐኪሙን ፈቃድ ስትፈልግ ግን ጤና መምሪያ ሄዳ፣ ኃላፊው ስብሰባ ካልገቡ፣ ምናልባት ይነገራታል። ትኩሳቱ እስከዚያ ይታገሥ።

ወላጆቹ መዝገቡ ይሰጠን አይሉም። ታፔላው ላይ ከሐኪሙ ስም ሥር የፈቃድ ቁጥሩና ትክክለኛ የሙያ ስያሜው ይጻፍ፤ ቀንና ሰዓቱ ይለይ፤ የሙያ ፈቃዱ ከንግድ ፈቃዱ ጎን ይሰቀል፤ ቁጥሩን ልኮ መልስ የሚገኝበት አንድ አጭር የስልክ መስመር ይከፈት። የቀለሙ ወጪ ክሊኒኮቹን አያስከፋቸውም፤ ለ«ስፔሻሊስት» ቃል እስካሁንም አልሳሱም።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ
ለደሴና ለኮምቦልቻ ከተሞች ጤና ተቋማት ተቆጣጣሪዎች
ለታፔላ ጸሐፊው፦ «ዶ/ር» ከመጻፉ በፊት ፈቃዱን አሳዩኝ ቢል ከሁሉም ይቀድማልና