ሰው በእግሩ፣ ፍየል በሄሊኮፕተር

ይድረስ ለውድ ጋሼ፤

«እዚያ አገር ጤነኛ ሰው በእረፍት ቀኑ ተራራ ሲወጣ ውሎ፣ ከላይ ውኃ አይቶ፣ ባዶ እጁን ይመለሳል የሚባለው እውነት ነው ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል። ባዶ እጁንስ አይመለስም፤ የገዛ ቆሻሻውን ተሸክሞ ይወርዳል፣ የሙዝ ልጣጭ ሳይቀር። ግን ሰዎቹ አብደዋል ብለው ከመፍረድዎ በፊት ትንሽ ይታገሡኝ። እኔ የምከራከረው ስለ አንድ ነገር ነው። የተራራውን ሐይቅ ጠብቆ ያቆየው የሰዉ ፍቅር ሳይሆን የመንገዱ ክፋት ነው፤ መንገዱ ክፉ ሆኖ እንዲቀር ያደረገው ደግሞ ተራራው ሳይሆን ሕግ ነው።

የኛ ሰው ታክሲ ከሚነዳበትና ምግብ ቤት ከሚከፍትበት ከሲያትል ከተማ በስተምሥራቅ ካስኬድ የሚባል የተራራ ሰንሰለት አለ። እዚያ ውስጥ «አልፓይን ሌክስ» ተብሎ የተከለለው ዱር ከ400,000 ኤከር በላይ ስፋትና ከ700 በላይ ሐይቅና ኩሬ አለው። ከስመ ጥሮቹ አንዷ ኮልቸክ ናት። የበረዶ ግግር ፈጭቶ ያወረደው የድንጋይ ዱቄት በውኃዋ ውስጥ ስለሚንሳፈፍ ቀለሟ አረንጓዴ ይሁን ሰማያዊ ለመወሰን ያስቸግራል። ከፍታዋ 1,700 ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ቁልቁል ታያታለች ማለት ነው። ደርሶ መልሱ 13 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሽቅቡ 700 ሜትር ገደማ ነው። እርስዎ ይህን መንገድ እህል ጭነው፣ በግ እየነዱ ይሄዱት እንደነበር አውቃለሁ። እዚህ ግን ለዚህ ጉዞ የሚገዛው ጫማ፣ ከዘራ (ያውም በጥንድ!) እና የጀርባ ቦርሳ አንድ ላይ ቢደመር ጥሩ በሬ ይገዛል። ከሐይቋ ማዶ ደግሞ አስጋርድ የሚባል በር አለ፤ ከአንድ ኪሎ ሜትር እምብዛም በማይበልጥ ርቀት ከ600 ሜትር በላይ በቋጥኝ ላይ ያስወጣል። እሱን እንኳ እርስዎም ቢሆኑ አረፍ ሳይሉ አይወጡትም።

አሜሪካ እዚያ ድረስ አስፋልት መዘርጋት አቅቷት አይደለም። ኮሎራዶ ውስጥ ፓይክስ ፒክ የሚባለው ተራራ 4,300 ሜትር ከፍታ አለው፤ ጫፉ ድረስ መኪናም ባቡርም ይወጣል፣ ወጥተውም ትኩስ ዶናት ይገዛሉ። ኮልቸክን ከዶናት ያዳናት በ1964 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የወጣው የዱር ሕግ ነው። በዚህ ሕግ በተከለለ ቦታ መንገድ አይሠራም፣ ሞተር አይገባም፣ ብስክሌት እንኳ ክልክል ነው። ዛፍ መንገድ ላይ ቢወድቅ በሞተር መጋዝ አይቆረጥም፤ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ በሚጎትተው በድሮው መጋዝ እንጂ። ጨረቃ ላይ ሰው ያወረደ መንግሥት ግንድ ለመቁረጥ ወደ አያት ቅድመ አያቱ መሣሪያ ተመልሷል። የአልፓይን ሌክስ ክልል ሕግ የጸደቀው በ1976 ሲሆን፣ የፈረሙትም ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ ናቸው።

የመንገዱ ክፋት እንደሚጠብቅ ማስረጃው የተራራ ፍየል ነው። እንስሳው ጨው ይወዳል፤ ተራራው ላይ ጨው የለም። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የሰው ሽንት ግን ጨው አለው። ስለዚህ ተጓዡ ጥግ ፈልጎ ዞር ሲል ነጩ ባለጢም ፍየል ከኋላው ተከትሎ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። ሽንት የነካውን ሣርና አፈር እየቆፈረ ስለሚያጠፋው፣ ተጓዡ ድንጋይ ላይ እንዲሸና ይመከራል። እግረኛ ብቻ በሚደርስበት ቦታ እንኳ የሰው ኮቴ የፍየሉን ጠባይ እንዲህ ከለወጠ፣ በየቀኑ አውቶቡስ ቢገባ ምን ይሆን ነበር? በዚሁ ክፍለ ሀገር ባለው የኦሊምፒክ ብሔራዊ ፓርክ ነገሩ ከርሮ፣ ቀድሞውንም በ1920ዎቹ ከውጭ የመጡትን ፍየሎች ማንሳት ግድ ሆነ። ከ2018 እስከ 2020 ድረስ ከ300 በላይ ፍየሎች ዓይናቸው ተሸፍኖ፣ በሄሊኮፕተር ተንጠልጥለው፣ ከዚያም በማቀዝቀዣ መኪና ተጭነው ወደ ካስኬድ ተዛወሩ። ሰው በእግሩ እያለከለከ የሚወጣበትን ተራራ ፍየል በአየር ገባበት!

«ይህ ሁሉ ለጉልበተኛ ጎረምሳ የተሠራ ሕግ ነው፤ ጉልበቱ የደከመ ሰውስ?» ይሉኝ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሕጉ ዊልቸርን አይከለክልም፣ ቋጥኙ ግን ይከለክላል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን በመኪና የሚደረስበት ሐይቅ በዚሁ ክፍለ ሀገር ሞልቷል። ሁሉም ሐይቅ መንገድ ይግባለት ማለት፣ ጸጥ ያለ ሐይቅ የሚፈልግ ሰው የትም አያግኝ ማለት ነው። ከዚህ የሚከብደው ክርክር ደግሞ ይህ ነው፦ መንገዱ የቱንም ያህል ቢከፋ ሰዉ አልቀረም። ኮልቸክ ባለችበት «ኤንቻንትመንትስ» በተባለው አካባቢ በበጋ ለማደር ዕጣ መግባት ያስፈልጋል። እኛ ዲቪ ደርሶን አሜሪካ ገባን፤ እዚህ ደግሞ ተራራ ላይ መሬት ላይ ለመተኛት ሌላ ዲቪ አለ! ቢደርስም ባይደርስም የማይመለስ ክፍያ አለው፣ አብዛኛው አመልካችም አይደርሰውም። ይህ ግን ሐሳቤን ያጠናክራል እንጂ አያፈርሰውም። ድካሙ ብቻውን በቂ ዘብ ስላልሆነ ሕጉ ዕጣ ጨመረ፤ ድካሙም ዕጣውም ቢነሡ ምን እንደሚከተል ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም።

አንድ ነገር ግን ልደብቅዎ አልፈልግም። ይህ «ያልተነካ» የሚባለው ዱር ተነክቷል። ኮልቸክና ጎረቤቷ ኤይትማይል ከክልሉ ሕግ በፊት የተሠሩ ትናንሽ ግድቦች አሏቸው፤ ውኃቸው በበጋ እየተለቀቀ ከታች ባለው ሸለቆ የፒር ፍሬ ያለማል። የኤይትማይል ግድብ አርጅቶ እንደገና ይሠራ ሲባል ክርክሩ ለዓመታት ተጓትቷል። ከሐይቆቹ ብዙዎቹም በተፈጥሮ ዓሣ አልነበራቸውም፤ ሰው በፈረስ፣ ኋላም በአውሮፕላን ወስዶ ጨመረባቸው። እና ሕጉ ውሸት ነው? አይመስለኝም። ሕጉ የጠበቀው ድንግልናን ሳይሆን ርቀትን ነው። ገበሬው ውኃውን ያገኛል፣ በሐይቁም ዳር ሆቴል አይበቅልም።

እዚህ ላይ ግን ትልቁ ተቃውሞ ከዚህም ከኛው አገርም ይመጣል። ሕጉ ሰው ለዱሩ እንግዳ ነው፣ አይኖርበትም ይላል። የአካባቢው ነባር የሆነው የዌናቺ ሕዝብ ግን ነጭ ሳይመጣ በፊት በእነዚያ ሸለቆዎች ዓሣ ያጠምድና ያድን ነበር። በኛ አገር የስሜን ተራሮች ፓርክም እንዲሁ ነው። ፓርኩ በ1996 (ይህም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) አደጋ ካንዣበበባቸው የዓለም ቅርሶች መዝገብ ገብቶ በ2017 ሲወጣ፣ ከመፍትሔዎቹ መካከል መኪና መንገዱን ከፓርኩ ማስወጣትና በውስጡ የነበረችውን የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ማዛወር ነበሩ። ግጭ የነበረው ገበሬ በሲያትል እንደሚኖር መሐንዲስ ለመዝናናት የወጣ አልነበረም፤ ቦታው ቤቱ ነበር። በወንጪ ሐይቅም ቢሆን መንገድ መግባቱ ለታመመ ሰውና ለምትወልድ እናት ትልቅ ነገር ነው፤ ቱሪስት በፈረስ እየጫነ የሚኖረው ሰው ግን መኪናው ሐይቁ አፋፍ ድረስ ከገባ በኋላ ፈረሱን ማን እንደሚከራየው መጠየቅ አለበት። ስለዚህ የአሜሪካኖቹን ሕግ እንዳለ ገልብጠን እንውሰድ አልልም። ሰው በሚኖርበት ቦታ መንገድ መብት ነው። ማንም በማይኖርበት፣ ለማየት ብቻ በሚኬድበት ጫፍ ላይ ግን መኪናው ከሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በፊት ቢቆም ሐይቁም፣ ባለፈረሱም፣ የጎብኚው ቦርጭም ይጠቀማሉ።

እንግዲህ ጋሼ፣ ቀበሌው ስብሰባ ጠርቶ ለመንደር መንገድ ይሠራ ሲባል ሁለት እጅዎን ያውጡ። አስፋልቱ እስከ ውኃው ጠርዝ ይድረስ የሚል ካለ ግን፣ እባክዎ ይህን ደብዳቤ ያንብቡለት።

ጤና ይስጥልኝ፤
ልጅዎ፣ ከሲያትል