በልደታ ደጃፍ ስለ ሊንከር የተደረገ ክርክር

ኮምፒዩተር የተባለው መሣሪያ ወደ ሀገራችን ከገባ ወዲህ፣ ሰው ሁሉ በመስታወቱ ላይ የሚታየውን ሲያደንቅ፣ ፕሮግራም የሚባለው ነገር በሰው እጅ ከተጻፈበት ሰዓት አንሥቶ ነፍስ ዘርቶ እስኪንቀሳቀስ ድረስ ስለሚያልፍበት መከራ ሊያወጋን የፈቀደ ጸሐፊ እምብዛም ስላልተገኘ፣ እኔ በልደታ ማርያም አጥቢያ የምኖረው፣ ከሊቃውንቱ ተርታ ባልቆጠርም፣ ኮንፊገር ስለሚባለው ስክሪፕትና እርሱ ስለሚያከብራቸው ስሞች ጥቂት ለማውጋት ወደድሁ።

ነገሩን ያመጡት ጎረቤቴ ናቸው። እኒህ አረጋዊ በልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ጃንጥላ ዘርግተው፣ በአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለባለጉዳይ ማመልከቻ ሲጽፉ የኖሩ፣ የክስን መልክ ከብዙ ጠበቃ አብልጠው የሚያውቁ ሰው ናቸው። የጻፉትን ሁሉ በካርቦን እያስቀሩ በካርቶን አጭቀውት ኖሮ፣ «ልጄ፣ አይጥ ሳይቀድመን ይህን ወደ ኮምፒዩተር አታገባልኝምን?» ቢሉኝ፣ ታላቅን እምቢ ማለት ነውር ነውና፣ ቴሰራክት የተባለውን ፊደል አንባቢ ፕሮግራም ልገነባላቸው ቃል ገባሁ። ቴሰራክት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1985 እስከ 1994 በሂውሌት ፓካርድ ቤት ተሠርቶ፣ በ2005 ምንጩ ለዓለም የተገለጠ፣ ኋላም ጉግል ያሳደገው፣ ለእኛም ፊደል የሠለጠነ ፋይል ያለው ፕሮግራም ነው። ያለቀ የደቀቀውን በአንድ ትእዛዝ ማስገባት እየተቻለ ከምንጩ መገንባት ለምን አስፈለገ ለሚል አንባቢ መልሴ አጭር ነው፤ የእኅቴ ልጅ እየተመለከተኝ ነበር።

ለዚህ ሥራ ሁለት ባለሟሎች አሉ። ኮምፓይለር የሰውን ጽሑፍ ወደ መኪናው ቋንቋ ይመልሳል፤ ሊንከር ደግሞ የተመለሰውን ቁራጭ ሁሉ በየስፍራው ከተቀመጡት ላይብረሪዎች ጋር አያይዞ አንድ አካል ያደርገዋል። ሁለቱን በየተራቸው የሚጠራውን ሜክን ስቱዋርት ፌልድማን በ1976 በቤል ላቦራቶሪ ሠራው፤ ዳሩ ግን በአንዱ ኮምፒዩተር የሰመረው ትእዛዝ በሌላው እየተሰናከለ ቢያስቸግር፣ ዴቪድ ማከንዚ በ1991 አውቶኮንፍን ጀመረ፤ አውቶኮንፍም ኮንፊገርን ወለደ። ኮንፊገር ተጠራጣሪ ፍጥረት ነው፤ አንድ ነገር መኖር አለመኖሩን በወሬ አይቀበልም፤ ጥቂት መስመር ያላት ፕሮግራም እዚያው ጽፎ፣ ኮምፓይልና ሊንክ አድርጎ፣ ከሆነችለት «አዎ»፣ ካልሆነችለት «የለም» ብሎ ይጽፋል። ተጠቃሚው ፈቃዱን የሚያሰማው በስሞቹ ነው፤ ሲ-ሲ የትኛው ኮምፓይለር እንዲሠራ ይናገራል፤ ሲ-ፍላግስ ለሲ ቋንቋ፣ ሲ-ኤክስ-ኤክስ-ፍላግስ ለሲ ፕላስ ፕላስ የኮምፓይለሩን ጠባይ ያዛሉ፤ ሲ-ፒ-ፒ-ፍላግስ ሄደር የሚባሉት ፋይሎች ያሉበትን ይጠቁማል፤ ኤል-ዲ-ፍላግስ ሊንከሩ ላይብረሪ የሚፈልግበትን ማኅደር፣ ሊብስም የላይብረሪዎቹን ስም ይይዛሉ። ቴሰራክት በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ነውና፣ በሲ-ፍላግስ ያቀረቡለትን ምክር ሁሉ በትሕትና ሳይሰማ ያልፋል።

ይህ ፕሮግራም ሥዕል ለማንበብ ሌፕቶኒካ የተባለ ላይብረሪ ያሻዋል። የእኅቴ ልጅ ቀደም ብሎ ገንብቶት ኖሮ፣ ያኖረው ግን ሰው ሁሉ በሚያኖርበት ስፍራ ሳይሆን በገዛ ፎልደሩ ማዕዘን፣ «ሙከራ» ከሚባሉ ብዙ ወንድማማች ፎልደሮች በአንደኛው ውስጥ ስለ ነበረ፣ ኮንፊገር ፈጽሞ የለም ብሎ ቆመ። ላይብረሪው በአንድ ክንድ ርቀት ተቀምጦ ሳለ የለም መባሉ ወጣቱን እጅግ አስቆጣው፤ ነገር ግን ፒኬጂ-ኮንፊግ-ፓዝ በሚባለው ስም አድራሻው በተነገረው ጊዜ ኮንፊገር ያለ አንዳች ኀፍረት «አዎ» አለ።

ይህን ሁሉ ለጎረቤቴ ያስረዳሁት በግንቦት ልደታ ዕለት፣ የሰፈሩ ሰው ደጅ ወጥቶ፣ ንፍሮው ተቀቅሎ፣ ቡናው ሁለተኛ ደርሶ ሳለ ነው። ኤል-ዲ-ፍላግስና ሊብስ ለምን በአንድ ስም እንዳልተጠቀለሉ ቢጠይቁኝ፣ «ጋሼ፣ ሊንከሩ ትእዛዙን ከግራ ወደ ቀኝ ያነባል፤ አስቀድሞ የፕሮግራሙን ቁራጮች አይቶ፣ እነርሱ እየጠሩት በውስጣቸው የጎደለውን ስም ይመዘግባል፤ በአርካይቭ የተጠራቀመ ላይብረሪ ሲደርሰው የተመዘገበውን ብቻ ፈልቅቆ ያወጣል። ላይብረሪው ከቁራጮቹ ቀድሞ የመጣ እንደ ሆነ ግን፣ ገና የጎደለ ስም የለምና ባዶ እጁን አልፎት ሄዶ፣ በመጨረሻ ‹ያልታወቀ ስም› እያለ ይጮኻል። ስለዚህ ኤል-ዲ-ፍላግስ ፊት፣ ሊብስ ኋላ ይቀመጣሉ» አልኋቸው።

ንፍሮውን አላምጠው ሲጨርሱ፣ «ይህማ ሥነ ሥርዓት ነው! ክሱ ሳይነበብ ማስረጃ ቢቀርብ ዳኛው በምን ላይ ይመዝነዋል? ማስረጃ ከክስ በኋላ ነው» አሉ። ስለዚህ ነገር የተጻፈ ብዙ ማብራሪያ አንብቤአለሁ፤ ይህን ያህል ያጠረ ግን አላገኘሁም።

«ታዲያ ተያይዞ ካለቀ ሠራ በለኛ!» አሉኝ ቀጥለው።

«አልሠራም ጋሼ። ሊንከሩ ላይብረሪውን ያገኘው በግንባታው ጊዜ ነው፤ ፕሮግራሙ ሲነሣ የሚፈልግለት ሌላ ባለሥልጣን ነው፤ እርሱም ያን አድራሻ አልሰማም።»

«ፍርዱን አገኛችሁ፣ አፈጻጸሙ ቀረ ማለት ነው! ለአፈጻጸም ሌላ መዝገብ ይከፈታላ!» ብለው የሰፈሩ ሰው ዘወር ብሎ እስኪያየን ድረስ ሳቁ። በእርግጥም ሌላ መዝገብ ነው፤ ወይ ኤል-ዲ-ላይብረሪ-ፓዝ በሚባለው ስም ፕሮግራሙ በተነሣ ቁጥር ማመልከት፣ ወይም ገና ሲገነባ በኤል-ዲ-ፍላግስ በኩል አር-ፓዝ የሚባለውን አድራሻ በፕሮግራሙ ገላ ላይ ማተም ያስፈልጋል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ አመልካች ሁልጊዜ ደጅ መጥናት የለበትምና።

ከሁሉ ይልቅ የሚያናድደኝ ግን የአንዳንድ ፕሮግራመኞች ድፍረት ነው። ሲ-ፍላግስ የተጠቃሚው ርስት እንደ ሆነ ግኑ የተባለው ፕሮጀክት የፕሮግራም አጻጻፍ ደንብ በግልጥ ደንግጎ ሳለ፣ ሜክ የሚያነበውን ሜክ-ፋይል የጻፈው ሰው የራሱን ምርጫ እዚያው ሞልቶ፣ እኛ የምናቀርበውን ሳያይ ይጥለዋል፤ ወይም ያለዚያ የማይሠራውን ግዴታ በዚያው ከትቶ፣ እኛ ስሙን በለወጥን ጊዜ ሥራው ሁሉ እንዲፈርስ ያደርጋል። ጎረቤቴ ይህን ሲሰሙ፣ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የተጻፈ ውክልና ነው ብለው በአንድ ቃል ፈረዱበት፤ እኔም ይግባኝ የምልበት ነገር አላገኘሁም።

ፕሮግራሙ በመጨረሻ ተነሥቶ፣ ከጽሕፈት መኪናው ፊደል የደበዘዘውን እያሳሳተ፣ የደመቀውን እያቀና ማንበብ ጀምሯል፤ ጎረቤቴም ስሕተቱን በቀይ እስክሪብቶ እያረሙ በየማታው ይመልሱልኛል።

አንባቢ ሆይ፣ አንተም ኮንፊገር «የለም» ብሎ የቆመብህ እንደ ሆነ፣ ስሞቹን በግምት ከመለዋወጥህ በፊት ኮንፊግ-ሎግ የሚባለውን ፋይል ክፈት፤ በግርጌው የተከማቸውን የስሞች ዝርዝር እለፈውና ከዚያ በላይ ያለውን አንብብ፤ የወደቀችው ትንሽ ፕሮግራምና ኮምፓይለሩ ወይም ሊንከሩ የተናገረው ቃል እዚያ ሳይጓደል ተጽፎ ታገኛለህ።