የግራ ክንዴ ነገር

ልጅ ሆኜ አሰላ ውስጥ ቤታችንን ከትምህርት ቤቱ የሚለየው አንድ አጥርና አንድ ባለጌ ውሻ ብቻ ነበር። በ1988 ዓ.ም. ክረምት ኃይሌ ገብረሥላሴ አትላንታ ላይ ፖል ቴርጋትን ቀድሞ የ10,000 ሜትር ወርቅ ወሰደ። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት እኔም የአጥሩን ቀዳዳ ናቅሁት። ደብተሬን በግራ ብብቴ ሸጉጬ፣ በገበያው በኩል ዞሬ፣ እያለከለክሁ ደወል ካለፈ በኋላ እደርሳለሁ።

ወሬውን የማያውቅ የለም። ኃይሌ በልጅነቱ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ ይሄዳል፣ 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ ይመለሳል፤ ደብተር የያዘበት ግራ ክንዱም ሲሮጥ እንደታጠፈ ቀረ። እኛ ሰፈር ሲደርስ ግን ወሬው ተገለበጠ፤ ኃይሌ የሚያሸንፈው ክንዱን ስለሚያጥፍ ሆነ። ሳንባውን ከየት እናምጣው? ክንድ ግን ሁላችንም ነበረን።

እናቴ አንድ ሳምንት ታገሠች። ከዚያ «ወልቆ ይሆናል» ብላ ወጌሻ ዘንድ ወሰደችኝ። ወጌሻው ቅቤ ቀብቶ ሲጎትተኝ ጮህኩ።

«አልወለቀም!»

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው የታጠፈው?»

«ኃይሌ ነኝ እኮ!»

ወጌሻው ወደ እናቴ ዞሮ «እመቤቴ፣ ይሄ በዚህ ሳምንት ሦስተኛው ኃይሌ ነው» አላት። የመታሻውን ግን ተቀበላት።

ሪቻርድ ዳውኪንስ የተባለ የሥነ ሕይወት ሊቅ እንዲህ ከሰው ወደ ሰው እየተቀዳ ለሚዛመት ነገር እ.ኤ.አ. በ1976 «ሚም» የሚል ስም አውጥቶለታል። አሰላ ቢመጣ ከወጌሻው ጋር አስተዋውቀው ነበር። በ1960ዎቹ እዚያው አሰላ አካባቢ ካዱ የተባለው የግብርና ልማት ድርጅት ለጭላሎ ገበሬ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ለማስለመድ የስዊድን ገንዘብ፣ ብድር፣ ሞዴል ገበሬ፣ ስንት ነገር አስፈልጎታል። የኃይሌ ክንድ ያለ ብድር ነው የተዳረሰው።

ኃይሌስ ከማን ቀዳ? ምሩፅ ይፍጠር በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ 5,000ውንም 10,000ውንም ሲያሸንፍ፣ ኃይሌ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ ድሉንም በሬዲዮ ነው የሰማው። ሬዲዮ ደግሞ ክንድ አያሳይም። ከ«ማርሽ ቀያሪው» ምሩፅ የወሰደው ሩጫውን ብቻ የሆነው ለዚህ ይመስለኛል፤ አሯሯጡን ከራሱ መንገድ አመጣው። እኛ ቴሌቪዥን ነበረን። እሱ ነው የጎዳን።

ባለፈው ዓመት አሰላ ስሄድ የእህቴ ልጅ ደብተሩን በጀርባ ቦርሳ አዝሎ፣ ሁለት እጁ ባዶ ሆኖ፣ ግራ ክንዱን ግን ደረቱ ላይ አጥፎ ከትምህርት ቤት እየሮጠ መጣ። ደስ አለኝ፤ ዘር አልጠፋም አልኩ።

«ጎበዝ! ኃይሌን ነው አይደል?»

«የቱን ኃይሌ?»

«ታዲያ እንዲህ መሮጥ ከማን ተማርክ?»

«ካንተ ነዋ፣ ጋሼ። አንተ እንዲህ ስትሮጥ ሁሌ ታረፍድ ነበር ብላ እማዬ አሳየችኝ።»