ነገረ ኮርኬጅ

በአዲስ አበባ ሆቴሎች አዳራሽ ተከራይቶ ልጁን የሚድር ሰው ውስኪውንና ወይኑን ከውጭ ገዝቶ ያስገባ እንደ ሆነ፣ በተከፈተው ጠርሙስ ልክ ለሆቴሉ የሚያገባው ግብር ኮርኬጅ ይባላል። ስለ ምን እንደሚከፈል ጠቢባነ ሆቴል ሲተረጕሙ፣ አንድም ስለ ብርጭቆው፣ አንድም ስለ በረዶው፣ አንድም ቆሞ ስለሚቀዳው አስተናጋጅ ድካም ነው ይላሉ። እውነተኛው ትርጓሜ ግን፣ በእጥፍ ሊሸጥ የታሰበው ጠርሙስ ሳይሸጥ ስለ ቀረ፣ ለኀዘንተኛው ባለሆቴል የሚወሰድ እዝን መሆኑ ነው። ኮርኬጅ ስሙን ያገኘበት ቡሽ፣ ዛፉ 25 ዓመት ገደማ ሳይሞላው የማይላጥ፣ ከዚያም በየ9 ዓመቱ ብቻ የሚላጥ የኦክ ልጥ ነውና፣ ስለ ክብሩ ቢከፈልለት ባልከፋ፤ ዳሩ ግን ክዳኑ በጣት ተጠምዝዞ የሚከፈተው ውስኪ ቡሽ ካለው የዝዋይ ወይን ይልቅ ብዙ ጊዜ አብልጦ ያስከፍላል።

ኮርኬጅ በጠባዩ ሦስት ነው። ፊተኛው ግልጽ ኮርኬጅ፣ በውል ተጽፎ የተፈረመበት ስለ ሆነ፣ ለምርምር አይመችም። ሁለተኛው ስውር ኮርኬጅ፣ «ኮርኬጅ ነጻ» ተብሎ ከታወጀ በኋላ በነፍስ ወከፍ የምግብ ሒሳብ ውስጥ ተሸሽጎ የሚኖር ነው። ሊቅ ዕድሜውን ሊፈጅበት የሚገባው ግን ሦስተኛው፣ ኮርኬጅ ዘኍልቍ ነው።

ለዚህ የጠርሙስ ቆጠራ ቤተ ዘመድ መክሮ የሙሽራውን አጎት መጋቤ ውስኪ አድርጎ ይሾማል። እሳቸውም ከመጋረጃው ጀርባ ካርቶኑን ተደግፈው ተቀምጠው፣ የጉደሩንና የአክሱማዊቱን ቡሽ በቀኝ ኪሳቸው፣ የውስኪውን ክዳን በግራ ኪሳቸው ያጠራቅማሉ፤ እኩለ ሌሊት ሲደርስ ሲራመዱ ኮታቸው ይንሿሿል። የሆቴሉ ካፒቴን በበኩሉ የሚቆጥረው ባዶ ጠርሙስ ነው። ስለዚህ ሁለት ጉባኤ ይቆማል፤ አጎትዬው ክዳኑ ኪሴ ያልገባ ጠርሙስ አልተከፈተም ሲሉ፣ ካፒቴኑ ባዶ የሆነ ሁሉ ተከፍቷል ይላል። ካፒቴኑ ከሚዜዎቹ ጠረጴዛ ሥር አንድ ጠርሙስ ያወጣና «ጋሼ፣ ይኸስ?» ሲላቸው፣ አገላብጠው አይተው «ልጄ፣ እኛ ያስገባነው ብላክ ነው፤ ይህ ሬድ የትናንቱ ሰርግ ነው» ብለው ይመልሱለታል። ክርክሩ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ በዕርቅ ይፈታል፤ ልዩነቱንም ከአንዱ ጠርሙስ እንኳ ያልቀመሰው ሙሽራ ይከፍላል።

በጄሪካን የገባው ጠጅ ኮርኬጁ በምን እንደሚሰፈር የሚያትት አራተኛ ክፍል መጨመር ይገባ ነበር፤ ዳሩ ግን በዚያ ሰዓት ጠጁ አልቋል፣ ጄሪካኑንም አክስቶች ይዘውት ሄደዋል፤ ያለ ማስረጃ መጻፍ ደግሞ የሊቅ ወግ አይደለም።